ቤቱን ይዞ የሚሄድ እንግዳ

ሰው ለጉዞ ሲነሣ በቀን ስለሚሄድበት መንገድ ብዙ ያስባል፤ ስለሚያድርበት ቦታ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያስበው ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ነው። ዳሩ ግን በመንገደኛውና በባላገሩ መካከል ያለው ነገር ሁሉ የሚፈተነው በማደሪያ ሰዓት ነው። በቀን የሚያልፈውን ሰው ማንም አይጠይቀውም። ሲመሽና ሲቆም ግን «ይህ ማነው? ለምንስ እዚህ ቆመ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል።

አባቶቻችን ለዚህ ጥያቄ የቆየ መልስ ነበራቸው። ሲራራ ነጋዴም ሆነ ለሙግት ወደ ከተማ የሚወጣ ባላገር፥ ጀንበር ስትጠልቅበት ከአጥር ውጭ ቆሞ «ቤቶች! የመሸብን እንግዶች ነን፤ አሳድሩን» ብሎ ይጣራል። ከውስጥም «ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ግቡ» የሚል ድምፅ ይመጣለት ነበር። እግሩን ይታጠባል፤ ካለው ይቀርብለታል፤ በማግሥቱም ባለቤቶቹን መርቆ መንገዱን ይቀጥላል። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ዋናው ነገር መጣራቱ ነው፤ ሳይጣራ በሰው አጥር ሥር ያደረ ሰው በሌብነት ይጠረጠር ነበርና።

እኛ በዚህ ጽሑፍ ልንናገርለት ያሰብነው ግን ሌላ ዓይነት እንግዳ ነው፤ ይኸውም አልጋውን፥ ምድጃውንና ውኃውን ይዞ የሚጓዝ፥ ከባላገሩም ከአንዲት ቁራጭ መሬት በቀር ምንም የማይፈልግ እንግዳ ነው። ይህ ዓይነቱ ጉዞ በኤውሮፓ እጅግ ተስፋፍቷል። ተጓዡም ከሁለት ነገሮች አንዱን መምረጥ አለበት። አንደኛው ካራቫን የሚባለው፥ ሞተር የሌለውና በአውቶሞቢል የሚጎተት ቤት ነው። ሁለተኛው ካምፐርቫን የሚባለው፥ ቤቱና ሞተሩ አንድ የሆነ መኪና ነው።

«ካራቫን» የሚለው ቃል ከፋርስ ቋንቋ የመጣ ሲሆን፥ በመጀመሪያ የሚያመለክተው በአንድነት የሚጓዘውን የነጋዴ ጓዝ ነበር። በእንግሊዝ አገር በፈረስ በሚሳብ ቤት ውስጥ መኖር የሮማ ሕዝብና የተዘዋዋሪ ትርኢት አሳዪዎች ኑሮ ነበር። ለመዝናናት ብለው እንዲህ ያለ ቤት ካሠሩት መካከል ቀዳሚ ሆኖ ስሙ የሚነሣው፥ የባሕር ኃይል ሐኪም የነበረው ዊልያም ጎርደን ስቴብልስ ነው። እርሱ እ.ኤ.አ. በ1885 «ዋንደረር» የተባለውን ቤት በብሪስቶል ከተማ አሠርቶ በሁለት ፈረሶች እያሳበ ከእንግሊዝ እስከ ስኮትላንድ ተጓዘ፤ በማግሥቱም ዓመት ስለ ጉዞው መጽሐፍ አሳተመ። እ.ኤ.አ. በ1907 የካራቫን ክለብ በብሪታንያ ተቋቋመ። በጀርመን አገር ደግሞ አሪስት ዴትሌፍስ የተባለ፥ ቤተ ሰቡ ጅራፍ ይሠራ የነበረ ሰው፥ ለንግድ በሚዞርበት ጊዜ ከባለቤቱ ላለመለየት ሲል እ.ኤ.አ. በ1931 በአውቶሞቢል የሚጎተት ቤት ሠራ። የቮልክስዋገን ፋብሪካ ትንሹን ማመላለሻ መኪናውን ማምረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1950 ሲሆን፥ በዓመቱ ዌስትፋልያ የተባለው ድርጅት ወደ መኪናው ውስጥ ገብቶ የሚወጣ የካምፕ ዕቃ ሣጥን አዘጋጀለት። ዴትሌፍስ ቤቱን የሠራበት ምክንያት እኛን ወደዚህ ነገር ካስገባን ምክንያት ብዙ የራቀ አይደለም።

በ2016 ዓ.ም. በነሐሴ ወር የዓመት ዕረፍታችንን ወስደን ከእናታችን ጋር ወደ ስኮትላንድ ተጓዝን። እኅታችን ከባለቤቷ ጋር በኤዲንበርግ ከተማ መኖር ከጀመረች በዚያን ጊዜ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗት ነበር። አባታችን ባረፈ ጊዜ ለቀብሩ መድረስ አልቻለችም፤ ልቅሶውን የተቀመጠችው በባዕድ አገር ብቻዋን ነው። እናታችን ይህን ነገር በልቧ ይዛ ትኖር ነበር። ዳሩ ግን እኅታችን በፈረቃ የምትሠራ ስለሆነች፥ እናትና ልጅ ሌሊትና ቀን ሳይለያዩ ሊቀመጡ የሚችሉት በአሥር ቀን ፈቃዷ ብቻ ነበር። እነዚህን አሥር ቀኖች ከከተማ ወጥተን በሰሜኑ ተራራማ አገር ልናሳልፋቸው ተስማማን። ሆቴል እንዳንይዝ ሁለት ነገሮች ከለከሉን፤ አንደኛው ዋጋው፥ ሁለተኛው ጾመ ፍልሰታ ነበር። እናታችን ሥጋና ቅቤ በሚሠራበት ድስት የበሰለ ነገር በፍልሰታ አትቀምስም። ስለዚህ የራሷ ድስትና የራሷ ምድጃ ያስፈልጓት ነበር።

እኅታችን ካራቫን እንከራይ አለች፤ ባለቤቷ ደግሞ ካምፐርቫን ይሻላል አለ። ሁለቱም በቂ ምክንያት ነበራቸው።

የካራቫን ዋና ጥቅሙ ስፋቱና ነፃነቱ ነው። ሞተርና የሾፌር ወንበር ቦታ ስለማይወስዱበት፥ በእኩል ርዝመት ከካምፐርቫን የበለጠ ክፍል ይገኝበታል። አልጋው ተዘርግቶ ሊቆይ ይችላል። በአንድ ቦታ ከተተከለ በኋላ አውቶሞቢሉ ተፈትቶ ወደ ገበያ፥ ወደ ሐኪም፥ ወደ ፈለጉበት ይሄዳል። የራሱ ሞተር ስለሌለው የጥገናው ወጪ ያነሰ ነው። ለብዙ ቀን በአንድ ቦታ ለሚቀመጥ ቤተ ሰብ ከዚህ የተሻለ ነገር የለም።

ዳሩ ግን ካራቫን መጎተት ዕውቀት ይጠይቃል። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 2021 ጀምሮ የአውቶሞቢል መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ሁሉ ሌላ ፈተና ሳይፈተን እስከ 3,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን ተጎታች መሳብ ይችላል፤ ነገር ግን የሕግ ፈቃድ ችሎታን አይሰጥም። ለጀማሪ የሚሰጠው ምክር የካራቫኑ ክብደት ከነጓዙ ከአውቶሞቢሉ ክብደት ከ85 በመቶ እንዳይበልጥ ነው። የእኅታችን ባል አውቶሞቢል 1,300 ኪሎ ግራም ስለሚመዝን፥ ሊጎትት የሚገባው ከ1,105 ኪሎ ግራም የማይበልጥ ነው። እኛ ያየናቸው ለአራት ሰው የሚሆኑ ካራቫኖች ግን ከነጓዛቸው ሁሉም ከዚህ በላይ ነበሩ። ከዚህም ሌላ የጭነቱ አቀማመጥ ሊታሰብበት ይገባል። ከባዱ ዕቃ በመንኰራኵሮቹ አጠገብ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል፤ በአውቶሞቢሉ መንጠቆ ላይ የሚያርፈው ክብደት ደግሞ ከጠቅላላው ከ5 እስከ 7 በመቶ እንዲሆን ይመከራል። ይህ ከጎደለና ከባዱ ዕቃ ወደ ኋላ ከሆነ፥ ካራቫኑ በፍጥነት ጊዜ እንደ እባብ ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘ አውቶሞቢሉን ሊገለብጠው ይችላል። ፍጥነቱም የተወሰነ ነው፤ በሰፊው አውራ ጎዳና በሰዓት 60 ማይል፥ በተራው መንገድ ደግሞ 50 ማይል ነው።

የካምፐርቫን ጥቅሙ ደግሞ በአንድ ቃል ቢነገር ቅልጥፍናው ነው። በቆመበት ቦታ ሁሉ ቤት ነው፤ ዝናብ ቢዘንብ ከመኪና ሳይወርዱ ወደ ጓዳ ይገባል። ወደ ኋላ ለመመለስ ዘዴ አያሻውም። የማደሪያው ቦታ የማይመች ሆኖ ቢገኝ ሾፌሩ ቁልፉን አዙሮ ይነሣል። ጉድለቱም ግልጥ ነው። ውስጡ ጠባብ ነው፤ በየማታው አልጋ መዘርጋት፥ በየጧቱም ማጠፍ ግዴታ ነው። አንድ ሰው ዳቦ መግዛት ቢፈልግ ቤቱ በሙሉ፥ ከነድስቱና ከነትራሱ፥ ወደ ገበያ አብሮት መሄድ አለበት። ሞተሩ የተበላሸ እንደ ሆነ ደግሞ መጓጓዣም ማደሪያም በአንድ ጊዜ ይጠፋሉ።

ክርክሩን የቈረጡት ሦስት ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ቀደም ብለን የጠቀስነው የክብደት ሒሳብ ነው። ሁለተኛው በሚጎተት ካራቫን ውስጥ ሰው ተቀምጦ መሄድ በሕግ የተከለከለ መሆኑ ነው። እናታችን ጉልበቷን ስለሚያማት፥ በየሁለት ሰዓቱ ጋደም የምትልበት ነገር ያስፈልጋታል፤ በካምፐርቫን ግን መኪናው በቆመ ቁጥር ከወንበሯ ተነሥታ ሁለት እርምጃ ብትሄድ አልጋዋን ታገኛለች። ሦስተኛው መንገዱ ራሱ ነው። ልንሄድበት ያሰብነው መንገድ እ.ኤ.አ. በ2015 «ኖርዝ ኮስት 500» የሚል ስም ተሰጥቶት፥ ከኢንቨርኔስ ከተማ ተነሥቶ የሰሜኑን ዳርቻ ዞሮ የሚመለስ፥ 516 ማይል ርዝመት ያለው መንገድ ነው። በብዙ ሥፍራ ለአንድ መኪና ብቻ የሚበቃ በመሆኑ፥ ሁለት መኪኖች ሲገናኙ አንዱ በየጥቂት ርቀት በተሠራው የመተላለፊያ ጥግ ገብቶ ሌላውን ያሳልፋል። ወደ አፕልክሮስ የሚያወጣው «ቢያላክ ና ባ» የተባለው ዳገት፥ ትርጓሜውም የከብቶች መተላለፊያ ማለት ነው፥ ከባሕር አጠገብ ተነሥቶ እስከ 626 ሜትር ከፍታ ይወጣል። በግርጌውም ካራቫን የሚጎትትና መኪና መንዳት የሚማር ሰው እንዳይወጣው የሚመክር ማስታወቂያ ተተክሏል። እናታችን ጠመዝማዛውን ባየች ጊዜ «ይህ እኮ የሊማሊሞ የልጅ ልጅ ነው» አለች። ሆኖም ለካራቫን የሚሆን መንገድ አለመሆኑን ሁላችንም አመንን። ስለዚህ ርዝመቱ ከስድስት ሜትር ያነሰ ካምፐርቫን ተከራየን።

ቤት ከተገኘ በኋላ የቀረው የማደሪያው ጉዳይ ነበር። ብዙ ሰዎች ስኮትላንድ ውስጥ በፈለጉበት ማደር የተፈቀደ ይመስላቸዋል። እርግጥ ነው፥ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የመሬት ማሻሻያ ሕግ ማንም ሰው ጥንቃቄ እስካልጐደለው ድረስ በአብዛኛው ባዶ መሬት ላይ በእግሩ እንዲሄድና በድንኳን እንዲያድር መብት ሰጥቷል። ይህ መብት ግን ለእግረኛና ለብስክሌተኛ እንጂ ለሞተር ተሽከርካሪ አይደለም። ስለዚህ በመኪና ውስጥ የሚያድር ሰው በመሬቱ ባለቤት ፈቃድና በመንገዱ ሕግ ሥር ነው። በሎክ ሎመንድ ብሔራዊ ፓርክ በተወሰኑ ሥፍራዎች፥ እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ ከማርች እስከ ሴፕቴምበር ድረስ ለማደር የፈቃድ ወረቀት ያስፈልጋል። የመንግሥት የደን መሥሪያ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2021 የራሳቸው መጸዳጃ ያላቸው መኪኖች በአንዳንድ የመኪና ማቆሚያዎቹ እንዲያድሩ በሙከራ ፈቅዶ ነበር። ከዚህ የተረፈው በዝምታ የሚታለፍ ነው፤ ተጓዡ ሳይታይ ያድራል፥ ባላገሩም እንዳላየ ያልፋል።

በእናታችንና በአማቿ መካከል ክርክር የተነሣው በዚህ «ሳይታዩ ማደር» ላይ ነው። የእኅታችን ባል በዚያ አገር ለረጅም ጊዜ የኖረ ሰው ስለሆነ ደንቡን ያውቃል። ከመሸ በኋላ መድረስ፥ መጋረጃ መዝጋት፥ ወንበርና ጠረጴዛ ወደ ውጭ አለማውጣት፥ ድምፅ አለማሰማት፥ ጎሕ ሲቀድም መነሣት ነው ብሎ አስረዳ። እናታችን ይህን ከሰማች በኋላ «ልጄ፥ ይህ የእንግዳ ሥራ ነው ወይስ የሽፍታ?» አለችው።

«እማማ፥» አላት በትሕትና፥ «በዚህ አገር በምሽት የሰው በር ማንኳኳት ሰውን ማስደንገጥ ነው። ዝም ብሎ አድሮ፥ ዝም ብሎ መሄድ እንደ ጨዋነት ይቈጠራል። እርስዎ ቢያንኳኩ የቤቱ ሰው አደጋ የደረሰ ይመስለዋል።»

«እንግዲያው ሳይመሽ እንጣራ» አለች።

ይህ መልስ ለእኛ ትልቅ ትምህርት ሆነን። ሁለቱም የተናገሩት እውነት ነው፤ የተለያዩት ጨዋነት በየትኛው በር እንደሚገባ ነው። በእኛ አገር ጨዋ እንግዳ ራሱን ይገልጣል፤ በዚያ አገር ጨዋ እንግዳ ራሱን ይሰውራል። በእኛ አገር የሚያሳፍረው መደበቅ ነው፤ በዚያ አገር የሚያሳፍረው ማስቸገር ነው። እኛም በሁለቱ መካከል ሄድን። ሰው ባለበት ሥፍራ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ሳያልፍ ጠየቅን፤ ሰው በሌለበት ሥፍራ ደግሞ በደንቡ መሠረት ተሰውረን አደርን።

በሦስተኛው ቀን በቶሪደን አካባቢ በአንድ የበግ አርቢ ደጃፍ ቆምን። እናታችን ጠይቀን እንድንመለስ ብቻችንን አልላከችንም፤ ነጠላዋን አስተካክላ፥ ምርኩዟን ይዛ አብራን ወረደች። ሰውየው ሸምገል ያለ ነው። እኅታችን ልመናውን በእንግሊዝኛ ስታስረዳ እርሱ እናታችንን ይመለከት ነበር። ከዚያም ከጎተራው በስተ ጀርባ ያለውን ድርቅ ያለ ቦታ አሳየን፤ በጎቹ እንዳይወጡ መዝጊያውን መልሰን እንድንዘጋ ብቻ አዘዘን። ገንዘብ ብንሰጠው አልቀበልም አለ። በማግሥቱ እናታችን በድስት የጋገረችውን ዳቦ ግማሹን በጨርቅ ጠቅልላ በደጁ አስቀመጠችለት፤ በአማርኛም መረቀችው። ምርቃቱን ባይሰማው እንኳ ጨርቁን አጥፎ፥ ከእንቁላል ጋር መለሰልን። ጾም ስለሆነ እንቁላሉን እናታችን ባትቀምሰውም፥ «የሰው እጅ አይመለስም» ብላ ተቀበለችው።

ነገር ግን ሁሉ ሌሊት እንዲህ አልነበረም። በአንድ የባሕር ዳር ማቆሚያ አድረን ሳለ፥ እኩለ ሌሊት ገደማ አንድ መኪና መጥቶ መብራቱን በመስኮታችን ላይ አበራና፥ ለረጅም ጊዜ ጥሩንባ እየነፋ ቆይቶ ሄደ። ማን እንደ ሆነና ምን እንደ ፈለገ አላወቅንም። እኅታችን እጅግ ፈራች። በባዕድ አገር ጥቁር ሆኖ በጨለማ ውስጥ መገኘት ለሌላው ከሚሰማው ፍርሃት በላይ ሌላ ፍርሃት አለውና። የእኅታችን ባል ግን መኪናውን ሲያቆም ፊቱን ወደ መውጫው አድርጎ፥ ከሾፌሩ ወንበር ላይም ዕቃ ሁሉ አንሥቶ ስለ ነበር፥ ማንም በር ሳይከፍት ተነሥተን ቀድመን ወዳየነው ወደ ሁለተኛው ቦታ ሄድን። ካራቫን ይዘን ቢሆን ኖሮ በጨለማ ከቤቱ ወጥተን ወደ አውቶሞቢሉ መሄድ ግድ ይሆንብን ነበር።

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የመጣለት አልነበረም። በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ መብራት ሳይበራ እናታችን የአባታችንን የመጨረሻ ሳምንት ለእኅታችን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገረቻት፤ ምን እንደ በላ፥ ማን እንደ ጠየቀው፥ ስለ እርሷም ምን ብሎ እንደ ተናገረ አንድ ሳታስቀር ተረከችላት። እኅታችን በስልክ ያልጠየቀችውን ሁሉ ጠየቀች። ሁለቱም አለቀሱ፤ እኛና የእኅታችን ባልም ፊታችንን ወደ ግድግዳው አዙረን ዝም አልን። በዚያ ቤት የሚዘጋ በር፥ ዘወር የሚባልበት ጓዳ አልነበረም። ስፋት የሌለው መሆኑን እንደ ጉድለት ቈጥረነው ነበር፤ ያን ሌሊት ግን እናትና ልጅን አንድ ላይ ያስቀመጠው ያው ጥበቱ ነው።

ለሚጓዝ አንባቢ ከዚህ ጉዞ ያገኘነውን ምክር በአጭሩ እንናገራለን። በነሐሴ መጀመሪያ በሰሜን ስኮትላንድ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ስለሆነ፥ ማደሪያን በብርሃን መምረጥና ሁለተኛ ቦታም ማዘጋጀት ይቻላል። በመተላለፊያ ጥግና በእርሻ መግቢያ ፊት ፈጽሞ አይታደርም፤ ሌሊት አምቡላንስ፥ ጧት ትራክተር ሊያልፍበት ይችላልና። ቦታው ደልዳላ፥ ነፋስም ትንሽ የሚያገኘው ይሁን፤ ሚጅ የሚባለው፥ ከትንኝ ያነሰ ተናካሽ ነፍሳት ነፋስ ባለበት መብረር አይችልም። አራት አምስት መኪኖች አስቀድመው ከቆሙበት ሥፍራ ማለፍ ይሻላል። የመጸዳጃው ዕቃ ለዚሁ በተሠራው ቦታ እንጂ በሌላ አይደፋም። ከሁሉም በላይ፥ የአገራችን ሰው ቡና ሲያምረው ከሰል አቀጣጥሎ ወደ ውስጥ እንዳያስገባ እንለምናለን፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፥ ተኝቶ ያለውንም ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል። እኛ ጀበናችንን በጋዝ ምድጃው ላይ ጥደን፥ መስኮት ከፍተን አፈላን።

ከካራቫንና ከካምፐርቫን የትኛው ይሻላል ተብለን ብንጠየቅ፥ መልሳችን በማደሪያው ብዛት ይወሰናል። አሥር ቀን በአንድ ቦታ ለሚያድር ካራቫን፥ አሥር ቀን በአሥር ቦታ ለሚያድር ካምፐርቫን ይሻላል። የእኅታችን ባልና እኅታችን ግን አሁንም በዚህ አልተስማሙም።

ሳይታዩ ማደር ነውር መሆን አለመሆኑን በሚመለከት ግን የእናታችን ፍርድ ይበቃናል። በመጨረሻው ጧት፥ ካደርንበት ቦታ ከመነሣታችን በፊት፥ በምርኩዟ እየተደገፈች መኪናውን አንድ ጊዜ ዞረችው። እኛ ያልጣልነውን፥ ከእኛ በፊት ያደሩ ሰዎች የተዉትን የቆርቆሮ ጣሳና ወረቀት አስለቅማ በከረጢት አስከተተችን። ከዚያም «የጠራነው ሰው ባይኖርም፥ ቦታው ራሱ ባለቤት አለው» አለችና ወደ ወንበሯ ወጣች።